ኩኩሉ፣ አልነጋም፦ ልጆቻችንና የሎክዳውን ቀን

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለወላጆች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ። እሁድ ከሰዓት ከእንቅልፋችሁ ቀንሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ ዓይናችሁ ይናገራል። ቡናው ተጥዷል፣ ትንሽ ታገሱኝ።

እኔ የጸጥታ ባለሙያ አይደለሁም። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የመምህር ረዳት ነኝ። አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ የጫማ ክር አስራለሁ፣ እንግሊዝኛ ገና ካልያዘላቸው ልጆች አጠገብ ቁጭ ብዬ አግዛለሁ። በዓመት የተወሰነ ቀን ደግሞ መብራት ጠፍቶ፣ ከሃያ ምናምን ልጆች ጋር ወለል ላይ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። ሎክዳውን ይሉታል፤ የታጠቀ ሰው ትምህርት ቤት ቢገባ በሚል ልጆች ክፍላቸው ውስጥ ተቆልፈው ዝም የሚሉበት ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ጥግ ነው።

አንድ ልጅ ነበር። ከአዲስ አበባ ከመጣ አራት ወር ቢሆነው ነው። አንድ ቀን ጠዋት በድምፅ ማጉያው "ሎክዳውን" ሲባል ሌሎቹ ልጆች ብድግ ብለው ወደ ጥጉ ሄዱ። ለምደውታል። እሱ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። እጁን ይዤ አጠገቤ አስቀመጥኩት። መምህሯ በሩን ቆለፈች፣ መብራቱን አጠፋች፣ የበሩን መስኮት በወረቀት ሸፈነች። ልጁ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ "ድብብቆሽ ነው?" አለኝ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። ገባው ማለት ነው። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ተሰማ። በልምምዱ ቀን ርእሰ መምህሩ እየዞሩ የየክፍሉን በር ይሞክራሉ። የእኛ በር እጀታ ቀጭ ቀጭ አለ። ይሄኔ ልጁ ባለ በሌለ ድምፁ "አልነጋም!" ብሎ ጮኸ።

ሳቃችሁ። እኛም ያን ቀን ሳቅን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ኩኩሉ ሲጫወት ያደገ ልጅ ፈላጊው ሲጣራ ይመልሳል። የጨዋታው ሕግ ነው። የሎክዳውን ሕግ ተቃራኒው ነው። ማንም ቢያንኳኳ፣ ማንም "ፖሊስ ነኝ" ቢል፣ ከውስጥ መልስ አይሰጥም፣ በር አይከፈትም። ፖሊሱ ወይም ርእሰ መምህሩ በያዙት ቁልፍ ራሳቸው ይከፍታሉ። ይህን ለዚያ ልጅ በአማርኛ የነገረው ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር። ትምህርት ቤቱ ወረቀት ልኳል፤ ወረቀቱ ቦርሳው ውስጥ ከሙዝ ልጣጭ ጋር ተጣብቆ ተገኘ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ፣ "በሎክዳውን ጊዜ የሚጠራችሁ ድምፅ ቢኖርም እንዳትመልሱ" በሏቸው። በቃ ይቺው ናት። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። ስለ ሽጉጥ፣ ስለ ሞት መተረክ አያስፈልግም። ልጆች የሚፈልጉት ምን ማድረግ እንዳለባቸው ማወቅ ነው።

አንዳንዶቻችሁ "ማስጠንቀቂያ በተነገረ ቁጥር ልጄ ጥግ ይሄዳል ማለት ነው?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። አይደለም፤ ቃላቱን ለይተን ብንይዝ ጥሩ ነው። ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች አምስት ቃላት ይጠቀማሉ። "ሆልድ" ማለት ኮሪደር ላይ ማንም አይውጣ፣ ከክፍላችሁ አትነቃነቁ ነው፤ ምናልባት አንድ ልጅ ታሞ ይሆናል። "ሴኪዩር" ማለት አደጋው ውጭ ነው፤ የውጭ በሮች ይቆለፋሉ፣ ትምህርቱ ግን እንደ ወትሮው ይቀጥላል። "ሎክዳውን" አደጋው ውስጥ ሲሆን ነው። "ኢቫኩዌት" ለቆ መውጣት፣ "ሼልተር" ከማዕበል ወይም ከመርዛማ ነገር መጠለል ነው። አጠራሩ ከካውንቲ ካውንቲ ስለሚለያይ የእናንተን ጠይቁ። ለምን ይጠቅማል? "ሴኪዩር" የሚል ቴክስት ደርሷቸው መሪ እየጨበጡ ያለቀሱ እናት አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት ልጃቸው ሒሳብ እየተማረ ነበር።

እነዚህ ቃላት ከቢሮ አልወጡም። በ2006 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራቸው) ኮሎራዶ ውስጥ፣ ፕላት ካንየን በሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ሰው ገብቶ ሴት ተማሪዎችን አገተ። ከታገቱት አንዷ ለወላጆቿ እንደምትወዳቸው በቴክስት ጻፈችላቸው። ከዚያ ተገደለች። ወላጆቿ በዚያች መልእክት ስም ድርጅት አቋቁመው፣ ተማሪውም መምህሩም ፖሊሱም አንድ ዓይነት ቃል እንዲጠቀሙ አደረጉ። ትምህርት ቤቶቹ ይህን የሚያገኙት በነጻ ነው። ሐዘን እንዲህም ይሆናል።

አሁን ስለ በር ላውራ። ሰው ስለ ካሜራ፣ ስለ ጥይት መከላከያ ቦርሳ ይጠይቀኛል። እኔ የማየው በር ነው። በ2012 ሳንዲ ሁክ፣ ኮነቲከት፣ 20 ሕፃናትና 6 ትልልቅ ሰዎች ሲገደሉ የክፍሎቹ በሮች የሚቆለፉት ከውጭ በቁልፍ ነበር። መምህርቷ ለመቆለፍ ኮሪደር ላይ መውጣት ነበረባት። በኋላ ነገሩን የመረመረው ኮሚሽን ካነሳቸው ዋና ነገሮች አንዱ የክፍል በር ከውስጥ ይቆለፍ የሚል ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2022፣ ዩቫልዲ ቴክሳስ ደግሞ 19 ልጆችና 2 መምህራን ተገደሉ። ግድያው ከተፈጸመባቸው ሁለት ክፍሎች የአንዱ በር መቆለፊያ ችግር እንዳለበት ይታወቅ ነበር። ጥገና የጠየቀ ወረቀት ግን አልተገኘም። 376 የጸጥታ ሰዎች መጡ። ገዳዩ እስኪገደል 77 ደቂቃ አለፈ።

ስለ ዩቫልዲ ሲወራ ፖሊሶቹ ላይ ነው የሚወረደው። ይገባቸዋል። እኔን ግን የቴክሳስ ምክር ቤት ሪፖርት ውስጥ ያለች ሌላ ነገር ነች የከነከነችኝ። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ፣ በአብዛኛው ፖሊስ በአካባቢው በሚያደርገው የመኪና ማሳደድ ምክንያት ትምህርት ቤቶቹ 50 ለሚጠጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። ሰው ለመደው። ማስጠንቀቂያ ሲበዛ ጆሮ ይደነቁራል። መምህራን እየወጡ እየገቡ ስለሚቸገሩ በሩን በድንጋይ ያስደግፉ ነበር። እስቲ በሐቅ እንነጋገር፤ ልጅ ልናደርስ ስንመጣ ለኋላችን ሰው በር ይዘን የምንጠብቅ ስንቶቻችን ነን? እኛ ሀገር ሰው ፊት በር መዝጋት ነውር ነው። ሴትየዋ ሕፃን አዝላ፣ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ እየሮጠች ትመጣለች፤ እንዴት ይዘጋባታል? ይዘጋባታል። ኢንተርኮሙን ትጫናለች፣ አይዲዋን ታሳያለች፣ ትገባለች። እኔን ጨምሮ ማንንም በር ይዛችሁ አታስገቡ። አልቀየምም።

ስለ ልምምዱም አንድ ነገር ልበል። ልምምድ ሁሉ ጥሩ አይደለም። በ2019 ኢንዲያና ውስጥ በአንድ የመምህራን ሥልጠና ላይ መምህራኑን ግድግዳ ሥር አንበርክከው በፕላስቲክ ጥይት ተኮሱባቸው፤ ቆዳቸው ቆሰለ። ይህ ዝግጅት ነው እንዴ? ልጅን ሳይነግሩ ማስደንገጥ፣ የውሸት ደም መቀባት፣ የተኩስ ድምፅ ማሰማት የሚያተርፈው ነገር አይታየኝም። ቀድሞ ተነግሮ፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ አጭር፣ ሲያልቅም ልጆቹን የሚያነጋግር ሰው ያለበት ልምምድ ይበቃል። የእናንተ ትምህርት ቤት ከዚህ ውጭ የሚያደርግ ከሆነ ሄዳችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ትምህርት ቤት ወላጅን በሚገባው ቋንቋ ማነጋገር እንዳለበት የፌዴራል ሕግ ያዛል። የእኛው ሞንጎመሪ ካውንቲማ አማርኛን ከዋና ዋናዎቹ የትርጉም ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ በእንዲህ ያለ ጉዳይ በተለይ።

ሩቅ አገር ስላወራሁ "እኛ ጋ የለም" እንዳትሉ። በጥር 2022 እዚሁ ካውንቲያችን ውስጥ፣ ማግሩደር ሁለተኛ ደረጃ፣ አንድ የ15 ዓመት ተማሪ ሽንት ቤት ውስጥ በጥይት ተመታ። ነፍሱ ተረፈች። ተማሪዎቹ ለሰዓታት ተቆልፈው ቆዩ። ተኩሷል የተባለው የ17 ዓመት ልጅ የተገኘው የት መሰላችሁ? ከሌሎች ተማሪዎች ጋር እዚያው ክፍል ውስጥ ተቆልፎ። አንድ እናት ይህን ስነግራቸው "ታዲያ መቆለፉ ምን ጠቀመ?" አሉኝ። ጠቅሟል። ፖሊስ ክፍል በክፍል እየፈተሸ ያገኘው ሁሉም ባለበት ስለቆየ ነው። ግን መቆለፍ ሁሉን ነገር እንደማይፈታ አልክድም።

እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ የእናንተ ሥራ ምንድን ነው? ከባድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። አትደውሉ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ያለ ልጅ ኪስ ውስጥ ስልክ እንዲጮህ የሚፈልግ እናት የለም። ልጁ ከጻፈላችሁ አጭር መልስ ስጡት፣ "መምህርህ ያለችውን አድርግ፣ እወድሃለሁ" ብላችሁ። ወደ ትምህርት ቤቱም አትብረሩ። አውቃለሁ፣ እግራችሁ ዝም ብሎ ይሄዳል። የእኔም ይሄዳል። ነገር ግን ሁለት መቶ መኪና መንገዱን ሲዘጋው አምቡላንስ የት ይለፍ? ልጆቻችሁን የምትረከቡበት ቦታ በቴክስት ይነገራችኋል። ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሌላ ትምህርት ቤት። የምትሄዱት ወደዚያ ነው፣ አይዲ ይዛችሁ።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ ትንሽ ላውራ፤ ከዝግጅት ሁሉ እኛ ሐበሾች የምንደናቀፍበት ቦታ ይህ ነውና።

በሚያዝያ 1999 ኮለምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ 12 ተማሪዎችና አንድ መምህር ሲገደሉ፣ ወላጆች የሚጠብቁት በአቅራቢያው ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ልጆቹ በአውቶቡስ ይመጣሉ። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ልጁን ያገኘ እያቀፈ ይሄዳል። አመሻሹ ላይ ለቀሩት ወላጆች "አንድ አውቶቡስ ይቀራል" ተባሉ። ያ አውቶቡስ አልመጣም። ሆን ብሎ የዋሻቸው ሰው አልነበረም፤ የትኛው ልጅ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም እንጂ። ዛሬ ትምህርት ቤቶች የርክክብ ጠረጴዛ፣ ካርድ፣ የስም ዝርዝር የሚያዘጋጁት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን እናንተ ጠረጴዛው ጋ ደረሳችሁ እንበል። ልጁ ናሆም ዳዊት ይባላል። እናቱ አይዲያቸውን ያወጣሉ፤ ሰናይት ገብሬ ይላል። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ በሕይወቷ ሐበሻ አይታ አታውቅም። ለእሷ እናትና ልጅ አንድ የቤተሰብ ስም አላቸው። "ማነሽ አንቺ?" ትላለች። እናት ናት! ግን ወረቀቱ አይልም። አባትየው ደግሞ ዳዊት ገብረ ሥላሴ ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ "ገብረ ሥላሴ" ተቀጥሎ፣ የልጁ መዝገብ ላይ ተነጥሎ ተጽፏል። በአዘቦት ቀን ይህ ቀልድ ነው። በዚያ ቀን ግን ሌላ ሁለት ሰዓት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ትምህርት ቤቱ የያዘው የአስቸኳይ ጊዜ ካርድ ላይ ስማችሁ ልክ አይዲያችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። እኔ ባለፈው ዓመት ኦፊስ ውስጥ ስረዳ ቁጥር ስደውል ስደውል ዋልኩ። "ይህ ቁጥር አገልግሎት ላይ የለም።" ስልክ ቀይረናል፣ አልነገርንም። አንዱ ካርድ ላይ ተጠሪ ተብሎ የተጻፈው አጎት ወደ ሲያትል ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው። ሌላው ላይ ተጠሪዋ ጎረቤት፣ ስሟ "ማሚ" ተብሎ ተሞልቷል። ማሚ አይዲ ላይ ማን ናት? ሁለታችሁም ሆስፒታል የምትሠሩ ከሆነና ስልክ ሎከር ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ቀን ላይ ስልኩን የሚያነሳ ሦስተኛ ሰው ይኑር። ከነሙሉ ስሙ።

ከአደጋው በፊት ስላለው ጊዜ አጠር አድርጌ ላንሳ። የአሜሪካ ሲክሬት ሰርቪስ፣ ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት፣ ከ2008 እስከ 2017 የተፈጸሙ 41 የትምህርት ቤት ጥቃቶችን መርምሮ፣ ሁሉም አጥቂዎች አስቀድመው ሰውን የሚያሳስብ ምልክት አሳይተው እንደነበር ጽፏል። ሽጉጥ ከተጠቀሙት ከአራቱ ሦስቱ ገደማ መሣሪያውን ያገኙት ከወላጅ ወይም ከቅርብ ዘመድ ቤት ነው። በ2021 ባወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ የከሸፉ 67 ሴራዎችን አየ። አብዛኞቹ የከሸፉት አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜም የክፍል ጓደኛ፣ ሰምቶ ስለተናገረ ነው።

እኛ ልጆቻችንን ምን ብለን ነው ያሳደግነው? "ወሬ አታመላልስ።" "የሰው ነገር ምን አገባህ?" እኔም እንዲያ ተብዬ ነው ያደግኩት። እዚህ ግን ልጁ "እከሌ መሣሪያ አመጣለሁ ብሏል" ሲል "ዝም በል፣ አንተን እንዳያስገቡህ" ካልነው ተሳስተናል። ሜሪላንድ ውስጥ "ሴፍ ስኩልስ ሜሪላንድ" የሚባል ስም ሳይነገር የሚጠቆምበት መስመር ከ2018 ጀምሮ አለ። መሣሪያ ቤቱ ያለው ሰውም ካላችሁ፣ ሱቅ ላላችሁም ማታ ለምትነዱም ነው የምለው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ልብስ ሥር ማድረግ ማስቀመጥ አይባልም። ልጅ የገና ስጦታውን ከየት እንደሚያገኝ አታውቁም? ከዚያው ነው። ሚሺጋን ኦክስፎርድ ውስጥ በ2021 አራት ተማሪዎች ሲገደሉ፣ የዚያኑ ቀን ጠዋት የተኳሹ ልጅ ወላጆች ልጁ በሣለው ሥዕል ምክንያት ተጠርተው መጥተው ነበር። ቤት አልወሰዱትም። ሥራ ነበራቸው። በ2024 ሁለቱም ተፈርዶባቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት ገቡ። ካውንስለር፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ማለት ነው፣ "ኑ" ካለ ሺፍቱ ይቅር።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው። ካሜራው ሲሄድ፣ አበባው ሲደርቅ።

ኮለምባይን ውስጥ ያን ቀን ለምሳ የቻይና ምግብ ነበር። ርእሰ መምህሩ ፍራንክ ዲአንጀሊስ እንደተናገሩት ከዚያ በኋላ ያን ምግብ ማቅረብ አልተቻለም፤ ሽታው ልጆቹን ወደዚያ ቀን ይመልሳቸዋል። ያን ቀን ለረጅም ሰዓት ሲጮህ የዋለው የእሳት ደወልም ድምፁ ተቀየረ። እሳቸው እስከ 2014 ድረስ እዚያው ቆዩ። አሁን እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባቸው ርእሰ መምህራን ኅብረት አላቸው፤ አዲስ ትምህርት ቤት ላይ ሲደርስ ይደውላሉ፣ "እኛም አልፈንበታል" ይላሉ። እኛ ለቅሶ እንደምንደርሰው ማለት ነው።

የሳንዲ ሁክ ልጆች ደግሞ ወደ አሮጌው ሕንፃ አልተመለሱም። ጎረቤት ከተማ ውስጥ ተዘግቶ የነበረ ቾክ ሂል የሚባል ትምህርት ቤት በሳምንታት ውስጥ ተዘጋጀላቸው። የራሳቸው ወንበርና ጠረጴዛ ተጭኖ ሄደ። ሕንፃው ለትልልቅ ልጆች የተሠራ ስለነበር፣ ትንንሾቹ መቀመጫው እንዲደርሳቸው የሽንት ቤቱን ወለል ከፍ አደረጉት። ስለዝግጅት ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካችው ይቺ ናት። አንድ አናጢ ወይም ግንበኛ ተንበርክኮ "የስድስት ዓመት ልጅ እግር እዚህ ይደርሳል?" ብሎ ለካ።

ፓርክላንድ ፍሎሪዳ ውስጥ በ2018 17 ሰው ሲገደል፣ ከዓመት በኋላ በመጋቢት 2019 ከጥቃቱ የተረፉ ሁለት ወጣቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሕይወታቸውን አጠፉ። ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ "አለፈ" ባለበት ጊዜ።

"አለፈ፣ እርሳው" የኛም መድኃኒት ነች። አትቆጡኝ፣ ከፍቅር እንደምትመጣ አውቃለሁ። ግን ልጁ ሆዴን አመመኝ ሲል፣ አልጋ ላይ ሲሸና፣ በር ሲዘጋ ሲበረግግ፣ እርሳው ማለት ብቻህን ያዘው ማለት ይሆንበታል። ዝም ብላችሁ አጠገቡ ሽንኩርት ክተፉ። ያወራል። ልጅ ፊት ለፊት ሲያፋጥጡት አያወራም፤ ሥራ እየሠራችሁ ግን መኪና ውስጥም ቢሆን ያወራል። ዜናውን አጥፉ። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ትምህርቱን እንደ ወትሮው አድርጉለት። ጸበል መውሰድ የምትፈልጉ ውሰዱት፤ ካውንስለሩንም አትዝለሉት። ሁለቱ አይጣሉም። ነገሩ ከከበደ ለአእምሮ ጭንቀት እርዳታ ወደሚሰጠው መስመር፣ 988 ላይ ደውሉ፣ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ደግሞ የራሳችን ጉድ አለ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከሰሜኑ የመጣችሁ አላችሁ፤ ጦርነት ያያችሁ። ጁላይ 4 ርችት ሲተኮስ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ሥር የገባ ሰው አውቃለሁ፤ ትልቅ ሰው፣ ኮት የለበሰ። ሎክዳውን የሚል ቴክስት ሲመጣ እናንተ የምትሰሙት የልጃችሁን ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። ለልጁ ከመድረሳችሁ በፊት መኪና ውስጥ ሁለት ደቂቃ ተንፍሱ። ልጁ መጀመሪያ የሚያየው ፊታችሁን ነው።

ያ "አልነጋም" ያለው ልጅ አሁን አራተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ልምምድ ላይ አዲስ ለመጣች ልጅ እሱ ነው በአማርኛ ያስረዳት። "ኩኩሉ ነው፣ ግን ዝም የሚባልበት" አላት።

ጠረጴዛው ላይ የአስቸኳይ ጊዜ ቅጽ አለ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። እስክሪብቶ አምጥቻለሁ። አይዲያችሁን አውጡና ስማችሁን እያያችሁ ሙሉ። ቡናው ደርሷል መሰለኝ፤ ስኒው እስኪዞር ሁለቱን ስልክ ጻፉ፣ ሦስተኛውን ሰው እዚሁ ከአጠገባችሁ ጠይቁት።